ሴፍጋርድ፦ በር ላይ የማይቆመው ጥበቃ

በሥራ ማስታወቂያ ላይ «የሴፍጋርዲንግ ባለሙያ» (safeguarding፣ ልጆችንና ሌሎች ተጠቃሚዎችን ጉዳት ሳይደርስባቸው የመከላከል ሥራ) የሚለው የሥራ መደብ «የጥበቃ ባለሙያ» ተብሎ ከተተረጎመ፣ አንባቢው የደንብ ልብስና ዱላ ቢታየው አይፈረድበትም። እኛ ዘንድ ጥበቃ ማለት በር ላይ የሚቆም ሰው ነው።

ሴፍጋርድ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ቀድሞ መንገደኛ እንዳይነካ የሚሰጠው የይለፍ ደብዳቤም በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። ደብዳቤው ሽፍታ አያባርርም፤ ጉዞው ሳይጀመር የተዘጋጀ መከላከያ ነው። የቃሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው። ልጅን ከውሻ አፍ መንጠቅ ማዳን ነው፤ አጥሩን አስቀድሞ መድፈን ግን ሴፍጋርድ ነው። አናጢ ቤት የመጋዙን ጥርስ የሚሸፍነው ብረትም እንዲሁ።

በእንግሊዝ የ2004ቱ የሕፃናት ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች፣ ፖሊስና ሌሎች የመንግሥት አካላት ሥራቸውን ሲያከናውኑ የልጆችን ደኅንነት እንዲያስቡ ያስገድዳል። በትምህርት ቤት በተግባር ሲታይ፦ መምህር ሳይቀጠር ያለፈ ታሪኩ ይጣራል፣ ልጅ ቅሬታውን ለማን እንደሚናገር አስቀድሞ ይነገረዋል። ዱላ የያዘ ሰው የለበትም።

ቪየና ያለው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ደግሞ ቃሉን ለቆጠራና ለፍተሻ ያውለዋል፤ የኑክሌር ቁስ ወደ ጦር መሣሪያ እንዳይዞር። በንግድ ሕግ ትርጉሙ ሌላ ነው፦ ድንገት የጎረፈ ሸቀጥ የአገር ውስጥ አምራችን ክፉኛ ሲጎዳ ወይም ሊጎዳ ሲል የሚጣል ጊዜያዊ ገደብ።

እኔ ብተረጉመው ለማስታወቂያው «የተጠቃሚዎች ደኅንነት ባለሙያ»፣ ለውል አንቀጽ «ዋስትና»፣ ለማሽን «መከለያ» እላለሁ። «ጥበቃ»ን ለዘበኛው እተውለታለሁ።