የጣሊያን የኮረብታ ከተሞች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሮም የሚኖር ቤተሰብ ቅዳሜ ጠዋት ተነስቶ፣ ኮረብታ አናት ላይ የተቆረቆረች የመካከለኛው ዘመን ከተማ ጎብኝቶ ማታ ቤቱ መግባት ይችላል። እኛም ሁለቱን ልጆቻችንንና ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችውን እናቴን ይዘን ኦርቪዬቶ ደርሰን ተመልሰናል። ከመሄዳችን በፊት መካሪው ብዙ ነበር። ግማሹ ምክር ግን ስህተት ሆኖ አገኘነው።

«በአንድ ቀን አራት አምስቱን ማዳረስ ይቻላል።»

በካርታ ላይ ሲያዩአቸው ጎረቤታሞች ይመስላሉ። መንገዱ ግን አንዱን ኮረብታ ወርዶ ሌላውን የሚወጣ ጠመዝማዛ ስለሆነ፣ ልጅ ከኋላ ወንበር ማቅለሽለሽ ሲጀምር ዕቅዱ ሁሉ ይፈርሳል። በዚያ ላይ ብዙ ሱቆች ቀትር ላይ ይዘጋሉ፤ ምግብ ቤቶችም በእኛ አቆጣጠር ከ9 ሰዓት በኋላ ምሳ አያቀርቡም። አንድ ከተማ ይበቃል።

«ያለ መኪና አይሞከርም።»

ኦርቪዬቶ ላይ ባቡር ጣቢያው ከኮረብታው ሥር ነው። ከዚያ በገመድ የሚሳብ ትንሽ ባቡር ሽቅብ ያወጣል፤ ልጆቹ ከካቴድራሉ ይልቅ ይህን ወደዱት። መኪና ይዞ የሄደ ሰው ደግሞ ቀይ ቀለበት ያለበትን ነጭ ምልክት ልብ ይበል። ከዚያ ወዲያ ፈቃድ የሌለው መኪና አይገባም፤ የሚቆጣጠረውም ካሜራ ነው። ከዓመታት በፊት በሌላ ከተማ አልፌው ገብቼ ማንም ያየኝ ሳይመስለኝ ወጣሁ፤ ቅጣቱ ከወራት በኋላ በፖስታ ቤቴ ድረስ መጣ።

«ኮረብታ ላይ የሰፈሩት ጦርነት ፈርተው ብቻ ነው።»

ጦርነቱ አንድ ምክንያት ነው። ረግረጋማው ቆላ ወባ ነበረበት፣ ሜዳው ደግሞ ለእርሻ ይፈለግ ነበር። እናቴ ገደሉን ቁልቁል አይታ «ይሄማ አምባ ነው» አለች፤ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። ሰፈራውም በመካከለኛው ዘመን የተጀመረ አይደለም። ኤትሩስካውያን የተባሉ የጥንት ሕዝቦች፣ ሮማውያን ከተማቸውን በ264 ቅድመ ልደት ክርስቶስ እስኪያጠፉባቸው ድረስ በዚሁ የኦርቪዬቶ ዓለት ላይ ኖረዋል። የፈለፈሏቸው ዋሻዎችና ጉድጓዶች ዛሬም ከቤቶቹ ሥር አሉ።

«ገደል ላይ ያለ ከተማ አይደፈርም።»

ገደል ጠላትን ያቆማል፤ ጥምን ግን አያቆምም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1527 ሮም በተዘረፈች ጊዜ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ክሌመንጦስ 7ኛ ሸሽተው ኦርቪዬቶ ገቡ። ከበባ ቢመጣ ከተማዋ ውኃ እንዳታጣ ብለውም ጉድጓድ እንዲቆፈር አዘዙ። አንቶኒዮ ዳ ሳንጋሎ ታናሹ የነደፈው የሳን ፓትሪዚዮ ጉድጓድ 53 ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ ያለቀው እርሳቸው ከሞቱ በኋላ በ1537 ነው። ብልሃቱ ሁለት ጠመዝማዛ ደረጃዎች ስላሉት ነው፤ እያንዳንዳቸው 248 ደረጃ አላቸው። ባዶ እንስራ የጫነች በቅሎ በአንዱ ትወርዳለች፣ ውኃ የጫነችው በሌላው ትወጣለች፤ መንገድ ላይ አይገናኙም። ታናሹ ልጄ ቀድሞን ወርዶ መውጣት ጀምሮ ኖሮ ከማዶ መስኮት እጁን እያውለበለበ ጠራኝ። በመካከላችን ያለው የጉድጓዱ ባዶ ብቻ ነው፤ ሆኖም እርሱ ወዳለበት ለመድረስ እስከ ታች መውረድ ነበረብኝ። ጣሊያኖች ተዝቆ የማያልቅ ሀብትን «የሳን ፓትሪዚዮ ጉድጓድ» ይሉታል። ልጆቼ አይስክሬም ባዩ ቁጥር ኪሴን እንደዚያ ይቆጥሩታል።

«የሳን ጂሚኛኖ ማማዎች ከተማዋን ከጠላት ለመጠበቅ ተሠሩ።»

ይህችን የቶስካና ከተማ ያየናት በሌላ ጉዞ ነው። ለጥበቃ የተሠራው ቅጥሩ ነው፤ ማማዎቹን ያቆሙት እርስ በርስ የሚፎካከሩ ባለጸጎች ናቸው። ሳልቩቺና አርዲንጌሊ የተባሉት ቤተሰቦች ቂመኛ ባላንጣዎች ነበሩ። ጎረቤት ካስረዘመ እኔም አስረዝማለሁ እየተባለ 72 ያህል ማማ እንደቆመ ይነገራል፤ ዛሬ 14 ገደማ ቀርተዋል። ከሁሉም ረጅሙ፣ 54 ሜትሩ፣ ግን የማንም ቤተሰብ ሳይሆን የከተማው አስተዳደር ነው። እኔ እዚህ ላይ አስተዳደሩን አደንቃለሁ።

«ሳይፈርሱ የቆዩት ሰው ተጠንቅቆ ስለጠበቃቸው ነው።»

ድህነት ነው የጠበቃቸው። በ1348 ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ የሳን ጂሚኛኖን ሕዝብ ፈጀው፤ በ1353 ከተማዋ ለፍሎሬንስ አደረች። ከዚያ በኋላ አሮጌውን አፍርሶ በዘመኑ ፋሽን የሚሠራበት ገንዘብ አልነበረም። ጎብኚ ከፍሎ የሚያየው ያንን ማጣት ነው።

«ማኪያቶ እንደ አገር ቤቱ ነው።»

አይደለም። ወተት ጠብ የተደረገበት አንድ ጉንጭ ቡና ነው።

«ዳቦ ጋጋሪው ጨው ረስቷል።»

እናቴ ምሳ ላይ ይህንኑ ብላ አስተናጋጁን ልታስጠራ ነበር። በቶስካናና ኦርቪዬቶ ባለችበት በኡምብሪያ ክልል ዳቦ ያለ ጨው መጋገሩ ልማድ ነው። በጨው ቀረጥ የተነሳ ነው የሚል ታሪክ ይወራል፤ ማስረጃው ግን ደካማ ነው። አብሮት የሚቀርበው የበግ አይብ ጨው የበዛበት ስለሆነ ዳቦው ብቻውን አይበላም። አይቡን ላዩ ላይ አድርጌ ሰጠኋት። ምንም አላለችም፤ ሁለተኛውን ቁራሽ ግን ራሷ አነሳች።