ልጁ ኳስ ስለተጫወተ በትምህርቱ ይጎብዛል?

ፈተና ሲቃረብ አንዱ ወላጅ «ኳሱን ትተህ አጥና» ይላል። ሌላው «ስፖርት አእምሮ ይከፍታል» ብሎ ይከራከራል። ጭቅጭቁ የሚመጣው ሁለት ነገር ስለሚደበላለቅ ነው። እንቅስቃሴ ልጁ ዛሬ የሚያደርገው ነው። የአካል ብቃት ግን ልብና ሳንባው በወራት ልምምድ ያገኙት አቅም ነው።

ሁለቱም በደንብ የሚታዩት ትኩረት ላይ ነው። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ልጆችን እንዲህ ፈተኑ፦ ስክሪን ላይ ምልክቶች ይደረደራሉ፤ ልጁ የመሃለኛው ወዴት እንደዞረ ብቻ ይመልሳል። የግራና የቀኙ ወደ ሌላ ዞረው ያሳስቱታል። ለ20 ደቂቃ ፈጠን ብለው ከተራመዱ በኋላ ልጆቹ ይበልጥ በትክክል መለሱ። በ2014 በወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ከ7 እስከ 9 ዓመት የሆኑ ልጆች ለ9 ወር ከትምህርት በኋላ ሲንቀሳቀሱ ቆዩ። ብቃታቸውም ትኩረታቸውም ካልተሳተፉት የበለጠ ተሻሻለ።

እስከዚህ አስተማማኝ ነው። የሚለያየው የክፍል ውጤቱ ነው። የአካል ብቃቱ ጥሩ የሆነ ልጅ ብዙ ጊዜ በደንብ የሚበላና በቂ እንቅልፍ የሚተኛም ነው፤ ስለዚህ ማርኩን ሁሉ ለሩጫው መስጠት አይቻልም። ያልተጠናን ሒሳብ ደግሞ የትኛውም ስፖርት አይፈታውም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በአማካይ በቀን 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። በአንዴ መሆኑ ግድ አይደለም። በፈተና ሰሞንም ቢሆን እባካችሁ አትከልክሏቸው፤ ከቤት ሥራ በፊት ግቢ ውስጥ ገመድ ይዝለሉ።