«ሙቁም ቀዝቃዛውም ከአንድ አፍ»፦ የሳቲሩ ፍርድ

ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ አንድ ምሁር ከዓመታት በፊት የጻፉትን ሐሳብ አዲስ ማስረጃ አግኝተው እንዳረሙ ተናገሩ። ተከራካሪያቸው ወዲያው «ሙቁንም ቀዝቃዛውንም ከአንድ አፍ ይተነፍሳሉ» ብለው አፋቸውን አስያዟቸው። አባባሉ ከኤዞፕ ተረቶች የመጣ የግሪኮች አነጋገር ነው፤ ለእኚህ ምሁር ግን ፈጽሞ አይገባም።

ተረቱ የአንድ ሰውና የአንድ ሳቲር ወዳጅነት ነው። ሳቲር የወይን አምላክ የዲዮኒሶስ አጃቢ፣ ከፊሉ ሰው ከፊሉ እንስሳ የሆነ የጫካ ፍጡር ነው። በጥንቶቹ የግሪክ ሸክላዎች ላይ የፈረስ ጆሮና ጭራ ይዞ ይታያል፤ የፍየል ቀንድና እግር ያበቀለው ኋላ፣ ከእረኞች አምላክ ከፓንና ከሮማውያን ፋውን ጋር እየተቀላቀለ ሲሄድ ነው። ብርዱ ሲበረታ ሰውየው እጆቹን ወደ አፉ አስጠግቶ ይተነፍስባቸዋል። ሳቲሩ ምክንያቱን ሲጠይቀው «ለማሞቅ ነው» ይለዋል። ማዕድ ቀርቦ ምግቡ ሲያቃጥለው ደግሞ በትንሽ በትንሹ እያነሳ እፍ ይላል። «ይህስ?» «ለማቀዝቀዝ።» ሳቲሩም ከአንድ አፍ ሙቅም ቀዝቃዛም ከሚያወጣ ጋር አልወዳጅም ብሎ ተለየው።

በደጋ በግ ጠብቄ ስላደግሁ ይህን ታሪክ እጄ ያውቀዋል። ውርጭ በመታው ሣር ላይ ቆመን ጣቶቻችን ሲደነዝዙ አፋችንን በሰፊው ከፍተን ከጉሮሮ የወጣውን ትንፋሽ በመዳፋችን እንቀበለው ነበር። ቤት ስንገባ መሐሉ ቅቤና በርበሬ የሞላበት ገንፎ ይጠብቀናል፤ ዳር ዳሩን እየቆረስን፣ ከንፈራችንን አሹለን እፍ እንልበታለን። እናቴ የምድጃውን እሳት የምታቀጣጥለውም፣ ማታ ኩራዙን የምታጠፋውም በዚያው ትንፋሽ ነበር። በሰፊው ከተከፈተ አፍ የሚወጣው ትንፋሽ የሰውነትን ሙቀት እንደያዘ ይደርሳል፤ ከሾለ ከንፈር በፍጥነት የሚወጣው ግን በዙሪያው ያለውን ቀዝቃዛ አየር እየጎተተ ይሄዳል፣ ከምግቡ ላይም እንፋሎቱን ይገፋል።

ተረቱን የፈጠሩት ተራራ ላይ የሚከርሙ እረኞች ናቸው ብዬ አምናለሁ። የደነዘዘ እጅና የሚያቃጥል ምግብ በአንድ ቀን የሚገናኙት በእረኛ ቤት ነው። በሙሉነቱ የተረፈው ብቸኛ የሳቲር ድራማ (ሳቲሮች በኅብረት የሚጫወቱበት የጥንት የግሪክ ተውኔት)፣ የግሪኩ ጸሐፌ ተውኔት የዩሪፒደስ «ሳይክሎፕስ»፣ ሳቲሮቹን በኤትና ተራራ የበግ እረኞች አድርጎ ያሳየናል። ፈራጁ ሳቲር የሆነውም በከንቱ አይመስለኝም፤ ግማሽ ጎኑ አውሬ ስለሆነ የሰው ልጅ በእሳት ዙሪያ የተማረውን ብልሃት ክህደት አድርጎ ያየዋል። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ400 ገደማ በላቲን የጻፈው አቪያኑስ ግን ሳቲሩን የዋሻ ባለቤት አድርጎ መንገደኛውን ትኩስ ወይን ጠጅ ያስጋብዘዋል። ለእኔ የተረቱን ጣዕም ያጠፋው ይህ ነው፤ ወይን የሚያሞቅ ሳቲር በሰው ትንፋሽ ለምን ይደነቃል?

አነጋገሩ የሚገባው በአንድ ማዕድ ተቀምጦ ለዚህ አንዱን፣ ለዚያ ተቃራኒውን ለሚናገር ሰው ነው፤ የእኛ «በአንድ ራስ ሁለት ምላስ» ይቀርበዋል። ጠዋት ለሸማቹ «ዋጋው ይወርዳል»፣ ከሰዓት ለነጋዴው «ዋጋው ይጨምራል» የሚል ሹም ቢባልበት ልክ ነው። ማስረጃ አይቶ ሐሳቡን ያረመን ሰው በዚህ መዝለፍ ግን ነውር ነው። ወጣቶች በሚሰሙበት መድረክ ሲባል ደግሞ ይብሳል፤ ተረቱን ሙሉውን ያላነበበ ሰው አባባሉን ለክርክር ባያነሳው ይሻላል።