የደም ስሮች በብግነት ጊዜ በማን ትእዛዝ ያፈሳሉ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

በብግነት ጊዜ፣ ማለትም ሰውነት ተቆጥቶ ሲቀላና ሲያብጥ፣ ቦታው ሚያብጠው ከትንንሽ የደም ስሮች ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) እና ፕሮቲን ወጥቶ ወደ ስጋው ስለሚገባ ነው። ብዙ ሰው ደም ስሩ ተቀዶ ነው ብሎ ያስባል፣ በቃጠሎና በከባድ ጉዳት ጊዜ እውነት ሴሎቹ ራሳቸው ይሞታሉ፣ በአብዛኛው ግን ደም ስሩ ሚከፈተው በኬሚካል መልእክት ታዞ ነው፣ ለመዘጋትም የራሱ ትእዛዝ አለው። እንጦጦ ጥግ ወይ ሱሉልታ አጥር ስር ሳማ የለበለበው ሰው ይሄን በአይኑ አይቶታል፣ ቦታው ወዲያው ይቀላና መሃሉ ያብጣል። የሳማ ዘመዶች እሾህ ውስጥ ከነዚህ መልእክቶች አንዱ የሆነው ሂስታሚን አለ፣ ቆዳችን ውስጥ ያሉት ማስት ሴሎች ሚባሉ የመከላከያ ሴሎችም የራሳቸውን ይለቃሉ።

የደም ስር ውስጠኛው ገጽ በአንድ ረድፍ ብቻ በተደረደሩ ኢንዶቴሊያል ሴሎች የተሸፈነ ነው። ጎን ለጎን ሚያያይዛቸው ዋናው ፕሮቲን ቪኢ-ካድሄሪን ይባላል፣ ከሁለቱም ሴል ወጥቶ እንደ ዚፕ ይቆላለፋል፣ በውስጥ በኩል ደግሞ ካቴኒን በሚባሉ ፕሮቲኖች አማካኝነት ከሴሉ አክቲን (ሚሳቡ የፕሮቲን ክሮች) ጋር ታስሯል። ስለዚ አክቲኑ ከተሳበ መጋጠሚያውም ይሳባል።

ሂስታሚን ኤች-1 ሪሴፕተር (ሴሉ ላይ ያለ መልእክት ተቀባይ) ላይ ሲያርፍ ጂኪው ሚባል ፕሮቲን ይነቃል፣ እሱ ፎስፎሊፔዝ-ሲ ሚባለውን ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፣ ከዛ አይፒ-3 ሚባል የውስጥ መልእክተኛ ይፈጠርና ሴሉ ውስጥ የተከማቸውን ካልሲየም ያስለቅቃል፣ ካልሲየሙ ካልሞዱሊን ከሚባል ፕሮቲን ጋር ሆኖ ኤምኤልሲኬ የተባለውን ኢንዛይም ያነቃል፣ ኢንዛይሙ አክቲኑን ሚስበው ማዮሲን ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፣ ሴሉ ይኮማተርና በመሃል ክፍተት ይፈጠራል። ይሄ ሁሉ በደቂቃ ውስጥ ነው፣ ብዙውን ጊዜም ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ያልፋል። ደም ሚያረጋው ትሮምቢን ደግሞ በተጨማሪ ሮ-ኤ እና ሮክ ሚባሉትን ፕሮቲኖች በሃይል ያነቃል፣ እነሱ ፎስፌቱን ከማዮሲን ላይ ሚያስወግደውን ኢንዛይም ስለሚያግዱ መኮማተሩ ይረዝማል። አዲስ ደም ስር እንዲያድግ ሚያዘው ቬጂኤፍ መንገዱ ለየት ይላል፣ ሳርክ በሚባል ኢንዛይም በኩል ቪኢ-ካድሄሪኑን ራሱን ያላላዋል፣ ወደ ሴሉ ውስጥ እንዲገባም ያደርጋል። ሳይቶካይን ሚባሉት የመከላከያ ሴሎች መልእክቶች፣ እንደ ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን-1 ያሉት፣ ቀስ ያሉ ናቸው፣ የጂን ስራ ስለሚቀይሩ ውጤታቸው በሰአታት ነው ሚመጣው።

እዚህ እንዴት ተደረሰ ሚለው ሰፊ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ተመራማሪው ኮንሃይም በ1867 የእንቁራሪት ደም ስር በማይክሮስኮፕ እያየ ነጭ የደም ሴሎች ግድግዳውን አልፈው ሲወጡ አሳየ። ዴልና ሌይድሎው በ1910 የሂስታሚንን ስራ ገለጹ፣ ቶማስ ሉዊስ በ1927 ቆዳ ሲጫር ሚታየውን መቅላት፣ ዙሪያ ፍካትና እብጠት አንድ ላይ አድርጎ ተነተነ፣ ያው ሳማ ሚያሳየን ነው። ትልቁ ስራ ግን የማይኖና የፓላዴ ነው፣ በ1961። አይጥ ላይ ክሪማስተር ሚባል ስስ ጡንቻ አካባቢ ሂስታሚን ወይ ሴሮቶኒን ወግተው፣ ደሙ ውስጥ ደግሞ ጥቁር ብናኝ ጨምረው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩ ብናኙ በሴሎቹ መሃል በተከፈተው ቦታ ገብቶ ግድግዳው ውስጥ ተከማችቶ አገኙት። ሚያፈሱት ካፒላሪዎች አልነበሩም፣ ከነሱ ቀጥለው ያሉት ቬኑሎች (ትንንሽ ደም መላሽ ስሮች) ናቸው፣ በተለይ ከ20 እስከ 30 ማይክሮን ስፋት ያላቸው። በዚህ ላይ ጠንካራ ማስረጃ ነው፣ እስካሁን ስናስተምር ከዚህ ነው ምንጀምረው። በ1949 ብራዚል ውስጥ ብራዲኪኒን ሚባለው ሌላ የማፍሰሻ መልእክት፣ በ1983 ደግሞ በኋላ ቬጂኤፍ የተባለው ተገኙ።

ስለመዝጊያው ትእዛዝ ብዙ አይወራም፣ እኔ ግን ዋናው እሱ ነው እላለሁ። ከቀይ የደም ሴሎች በብዛት ሚመጣው ኤስ1ፒ ሚባል ቅባት ነክ መልእክት ራክ-1 በሚባል ፕሮቲን በኩል መጋጠሚያውን ያጠነክራል፣ አንጂዮፖይቲን-1 ታይ-2 ሪሴፕተር ላይ ሆኖ ደም ስሩን ያረጋጋል፣ አንጂዮፖይቲን-2 ደግሞ በብግነት ጊዜ ይህን ያፈርሳል። በሴሉ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ሚባለው መልእክተኛ ሲጨምርም መጋጠሚያው ይጠብቃል፣ አድሬናሊን በአናፊላክሲስ (ለህይወት አስጊ በሆነ አለርጂ) ጊዜ ከሚረዳበት መንገድ አንዱ ይሄ ነው።

ፈሳሹ በሴሎቹ መሃል ብቻ ነው ወይስ በሴሉ ውስጥ አልፎም ይወጣል ሚለው ላይ ክርክር አለ፣ ምናልባት ሁለቱም ሳይሆን አይቀርም፣ እንደ ደም ስሩና እንደ ትእዛዙ ይለያያል መሰለኝ።

ወደኛ ስንመጣ ድሮ ከአዲስ አበባ ውጭ ዳር ላይ በነበረው ዘነበወርቅ አካባቢ፣ የስጋ ደዌ ህክምናና ማሰልጠኛ ማእከሉ አለርት በ1965፣ አጠገቡ ያለው የምርምር ተቋም አህሪ ደግሞ በ1970 ተመሰረቱ። የስጋ ደዌ ህመምተኞች ላይ ኢኤንኤል ሚባል ከባድ ብግነት ይመጣል፣ ትኩሳት፣ ቀያይ ሚያሙ እብጠቶች፣ አንዳንዴም የደም ስር ግድግዳ መቆጣት አለው። እዛው አለርት ሚታከሙ ህመምተኞች ላይ ብግነት ሚያበርደው መድሃኒት ፕሬድኒሶሎን ከመሰጠቱ በፊትና በኋላ ቲኤንኤፍና ሌሎች ሳይቶካይኖች ተለክተዋል፣ ከህክምናው በኋላ ቀንሰው ተገኝተዋል። ከራሳችን ደጅ የወጣ እውቀት ስለሆነ ተማሪዎቻችን ከውጭ መጽሃፍ እኩል ሊያውቁት ይገባል።

ህክምናው ላይ ትእዛዙን ማወቅ ወሳኝ ነው። ለሳማና ለአለርጂ እብጠት የአለርጂ መድሃኒቱ ሴቲሪዚን ይሰራል፣ ምክንያቱም ኤች-1ን ይዘጋል። የደም ግፊት መድሃኒት የሆነውን ኢናላፕሪል ሚወስድ ሰው ከንፈሩና ምላሱ ሲያብጥ ግን አዛዡ ብራዲኪኒን ነው፣ መድሃኒቱ ብራዲኪኒንን ሚሰብረውን ኢንዛይም ስለሚያግድ ይከማቻል፣ ስለዚ የአለርጂ መድሃኒት ብዙም አይጠቅመውም፣ ኢናላፕሪሉ መቆም አለበት፣ የመተንፈሻ መስመሩም ቶሎ መታየት አለበት። በሴፕሲስ (ሰውነት ለኢንፌክሽን በሚሰጠው ከልክ ያለፈ ምላሽ ራሱን ሲጎዳ) ጊዜ ደግሞ ብዙ ትእዛዞች ባንዴ ስለሚመጡ ሚሰጠው ግሉኮስም ሆነ ሳላይን ከደም ስሩ እየወጣ ሳንባ ላይ ሊጠራቀም ይችላል፣ ለዚህ ነው ፈሳሽ እየለኩ ሚሰጡት።