የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም

ይህችን ምሳሌ ብዙ ጊዜ የምንሰማት ቂም ሲነሳ ነው። በዳይ "ያለፈውን እንርሳው በቃ" ሲል ተበዳይ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ይጥላታል። በዳይ ያደረገው ከልቡ ሊወጣ ይችላል። ተበዳይን ግን ጠባሳው ያስታውሰዋል።

መነሻዋ ጦር ነው፤ ወጊና ተወጊ ፊት ለፊት የሚተያዩበት ዘመን። "ወጋ" ከሚለው ግሥ ደግሞ ሁለት ስሞች ወጥተዋል። አንዱ ውጊያ ነው። ሌላው ውጋት፤ ማንም ሳይነካህ ጎንህን ሰቅዞ የሚይዝህ ሕመም። ውጊያው አልቆ ውጋቱ ይቀራል።

እኔ ምሳሌዋ በደንብ የገባችኝ በሳይንስ ልብወለድ ተከታታይ ፊልም ነው ብል ትስቁ ይሆናል። ስታር ትሬክ ውስጥ ቦርግ የሚባሉ፣ ሰውን ማርከው የራሳቸው አካል የሚያደርጉ ፍጥረታት አሉ። በ1990 በወጣው ክፍል የተከታታዩን ዋና ሰው፣ የጠፈር መርከብ አዛዡን ካፒቴን ፒካርድን ይማርኩታል። አፉም እውቀቱም የእነሱ ይሆናል። በእሱ እውቀት ዎልፍ 359 በተባለ ቦታ 39 የጠፈር መርከቦች ያወድማሉ፤ 11 ሺህ ገደማ ሰው ያልቃል። እሱ ይተርፋል።

በዚያን ጊዜ የነበረው ቴሌቪዥን እንዲህ ያለውን ነገር በሚቀጥለው ሳምንት ሙልጭ አድርጎ ይረሳው ነበር። ይኼኛው አልረሳም። በቀጣዩ ክፍል ፒካርድ ወንድሙ ወይን ወደሚያለማበት የፈረንሳይ መንደር ይሄዳል። ሁለቱ ጭቃ ውስጥ ይደባደባሉ፣ ይስቃሉ፣ ከዚያ ካፒቴኑ ያለቅሳል። ላስቆማቸው ይገባኝ ነበር እያለ።

ዋናው ትዕይንት ግን በ1993 በጀመረው ሌላ የስታር ትሬክ ተከታታይ፣ ዲፕ ስፔስ ናይን ውስጥ ነው። ሲስኮ የሚባል መኮንን ለአዲስ ሹመቱ ፒካርድ ፊት ይቀርባል። ፒካርድ ከዚህ በፊት ተገናኝተን እናውቃለን ወይ ሲል ይጠይቀዋል። አዎን፣ በውጊያ ላይ፣ ይላል ሲስኮ። በዚያ ውጊያ ሚስቱ ሞታለች። ምሳሌዋ ቃል በቃል!

ቆይ ግን። የፒካርድን ፊት እዩት፤ ክው ይላል። የሲስኮን መልክ አላወቀውም እንጂ ዎልፍ 359ን መች ረሳ? በእሱ እጅ ሲስኮ ተወጋ፣ እሱ ራሱም ተወግቷል። ምሳሌዋ ሁለት ሰው ትጠራለች፤ እዚህ ግን ወጊውም ተወጊውም አንድ ሰው ውስጥ ተቀምጠዋል። ከአደጋ የተረፈ ሰው ጸጸት እንዲህ ነው። ማንንም ሳይወጋ የወጊውን ቦታ ይይዛል። "ምነው በእኔ በሆነ" የምንለው ያቺ ቃል ለአንዳንዱ ዓመታት ትዘልቃለች።

ሲስኮም ያው ነው። ጊዜ ምን እንደሆነ የማያውቁ ፍጥረታት ያገኛል፤ ደጋግሞ ሚስቱ የሞተችባት፣ የምትቃጠል መርከብ ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። ለምን ወደዚህ ታመጡኛላችሁ ይላቸዋል። የምታመጣን አንተ ነህ ይሉታል። ሰው ሚስቱ ከሞተችበት ቦታ ወጥቶ እንደማያውቅ ለራሱ ሲያምን በቴሌቪዥን ያየሁት ያኔ ነው። ሌዘሩና ፍንዳታው እንዴት እንደነበር ረስቼዋለሁ።

በመጨረሻ ሁለቱ ሰዎች እንደገና ይገናኛሉ። ስለ ሥራ ብቻ ያወራሉ። ስለዚያ ውጊያ የሚያነሳ የለም፣ ይቅርታም አይጠየቅም። ፒካርድ እጁን ይዘረጋል፤ ሲስኮ ይጨብጠዋል።