«ከማሽኑ እናላቅቀዋለን» ማለት ተስፋ ቆረጥን ማለት አይደለም

እዚህ ሐዋሳ ጽኑ ሕሙማን ክፍል በር ላይ፣ በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት አስታማሚ «ከመተንፈሻ ማሽኑ ልታላቅቁት ነው አሉኝ፤ በቃ አበቃ?» ብለው ጠይቀውኛል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የምንሞክረው ታማሚው ራሱ መተንፈስ ይችል ይሆናል ስንል ነው።

በአንዴ የማይነቀለው ለምንድን ነው? ማሽን ሲተነፍስለት የሰነበተ ሰው የመተንፈሻ ጡንቻው ይደክማል። ከጄሶ የወጣ እግር በዕለቱ የታቦርን ተራራ አይወጣም።

ስለዚህ ፈተና አለ። ዋናው ሕመም ሲሻለው፣ ኦክስጅኑና የደም ግፊቱ ሲረጋጋ፣ የማሽኑን እገዛ በጣም ቀንሰን ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ራሱ እንዲተነፍስ እናደርጋለን። በጉሮሮው ወደ አየር ቧንቧው የገባው የማሽኑ ቱቦ ገና አልወጣም። አተነፋፈሱን ለመመዘን በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደተነፈሰ ቆጥረን፣ በአንድ ትንፋሽ ለሚስበው አየር በሊትር እናካፍላለን፤ ወሰኑ 105 ነው። በደቂቃ 25 ጊዜ፣ በየትንፋሹ 0.5 ሊትር የሚስብ ሰው እንውሰድ፦ 25 ለ0.5 ሲካፈል 50 ነው። ከወሰኑ በታች ስለሆነ ደግ ምልክት ነው። 40 ጊዜ እየተነፈሰ 0.25 ሊትር ብቻ ከሳበ ግን 160 ይመጣል፤ ይህ ማለክለክ እንጂ መተንፈስ አይባልም። ቁጥሩ ብቻውን አይወስንም፤ ንቃቱ፣ የሳሉ ጉልበት፣ የአክታው ብዛትም ይታያል።

ስንት ቀን ይፈጃል? ይህ ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዱ በመጀመሪያው ሙከራ ያልፋል፣ ሌላው ሳምንታት ይወስድበታል። ካላለፈ ወደ ማሽኑ ይመለሳል፣ ብዙ ጊዜ በማግስቱ ይደገማል። ቱቦው ወጥቶም እንደገና ሊገባ ይችላል፤ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ከአልጋው የማንርቀው ለዚህ ነው።

«መቼ ይነቀላል?» ከምትሉን «ዛሬ ስንት ደቂቃ ራሱ ተነፈሰ?» በሉን፤ እሱን በትክክል እንመልስላችኋለን።