«ሃይማኖቱን ተዪውና ኤነርጂውን ስጪን»፦ ስለ ታኦ ልምምድ የምሰማቸው ስህተቶች

አዲስ ኮርስ በጀመርኩ ቁጥር፣ በመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ሰው እጁን ያወጣል። «እኔ ሃይማኖት አልፈልግም» ይላል። «ቤተ ክርስቲያን ትቼ ነው የመጣሁት። የምፈልገው ኤነርጂውን ብቻ ነው። ለነገሩ ታኦይዝም ድሮም ሃይማኖት አልነበረም፣ አይደል?» ሌሎቹም ራሳቸውን በስምምነት ይነቀንቃሉ።

እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ቺ ጎንግና ታይ ቺ ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል፤ ሁለቱም ትንፋሽን ከዝግ ያለ እንቅስቃሴ ጋር የሚያጣምሩ የቻይና ልምምዶች ናቸው። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ አሜሪካውያን ናቸው። ይህን ንግግር ያልሰማሁበት ኮርስ ትዝ አይለኝም። የመጀመሪያው ግማሽ ቅር አይለኝም፤ የማይፈልጉትን ሃይማኖት አልቀበልም ማለት መብት ነው። የሚያበሳጨኝ ሁለተኛው ግማሽ፣ ታኦይዝም የሚባለው የቻይና እምነት ሃይማኖት አልነበረም የሚለው ነው። ስህተት ነው፤ ሌሎች ስህተቶችንም ጎትቶ ያመጣል። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ታኦይዝም ሲጀመር ንጹህ ልምምድ ነበር፤ ሃይማኖቱ በኋላ የተለጠፈ ነው»

ዋናው ይሄ ስለሆነ ረጋ ብዬ ልመልስ።

ትውፊቱ እንደሚለው በ142 ዓ.ም. ላኦዙ፣ የታኦይዝም ዋና መጽሐፍ ደራሲ የሚባለው፣ በቻይና ሲቹዋን ተራራ ላይ ዣንግ ዳኦሊንግ ለሚባል ሰው ተገለጠለት። ላኦዙ እዚህ ላይ መጽሐፍ ጽፎ የሄደ ሽማግሌ አይደለም። አምላክ ነው። ከዚያ የተነሳው ማኅበር በ24 አጥቢያዎች ተደራጀ። አባል የሆነ ቤተሰብ አምስት መስፈሪያ ሩዝ ያዋጣ ነበር፤ ሰዉም በዚሁ ሩዝ ስም ይጠራቸው ጀመር። አንድ አባል ሲታመም ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ይቀመጥና ጥፋቱን ያስባል። ከዚያ ስሙና በደሉ ተጽፎ ለሰማይ፣ ለምድርና ለውሃ ሹማምንት አቤቱታ ይቀርብለታል። ልብ በሉ፤ ሕክምናው ራሱ ንስሐ ነበር።

በ1445 የታተመው የታኦ ቅዱሳት መጻሕፍት ስብስብ ከ1,400 የሚበልጡ ሥራዎች አሉት። ጸሎት አለ፣ የቀብር ሥርዓት አለ፣ የጾም ሕግ አለ፣ ክታብ አለ፣ የአማልክት ስም አለ። የመተንፈሱና የሜዲቴሽኑ ትምህርትም እዚያው መሃላቸው ነው።

ታዲያ «ሃይማኖት አልነበረም» የሚለው ከየት መጣ? ከራሱ ከምዕራቡ ዓለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቻይናን መጻሕፍት ከተረጎሙት መካከል እንደ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ሌግ ያሉ ሚስዮናውያን ነበሩ። የላኦዙን ትንሽ መጽሐፍ ወደዱት። ቤተ መቅደሱን፣ ጣዖቱንና ዕጣኑን ግን ናቁት። እናም ታኦን ለሁለት ከፈሉት፦ ጥሩው የመጽሐፉ፣ የተበላሸው የካህናቱ። «ቤተ ክርስቲያን ትቼ መጣሁ» የሚለው ተማሪዬ ሳያውቀው የሚደግመው የሚስዮናዊ ፍርድ ነው።

ለእውነት ያህል ሌላውንም ልናገር። በ1973 ቻይና ሁናን ክፍለ ሀገር፣ ማዋንግዱይ በሚባል ቦታ አንድ ጥንታዊ መቃብር ተከፈተ። መቃብሩ የተዘጋው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ነው። ውስጡ ሐር ላይ የተሳሉ 44 ሰዎች ተገኙ። ሴትም ወንድም አሉበት። አንዱ እጁን ይዘረጋል፣ ሌላው ያጎነብሳል፣ ሌላው ወገቡን ያዞራል። ስለዚህ ሰውነትን ማፍታታትና መተንፈስ ከዣንግ ዳኦሊንግ ማኅበር በሦስት መቶ ዓመት ይበልጣል። «እኔ የምፈልገው ማፍታታቱን ነው» የሚል ሰው ታሪክ አብሮት ነው።

ግን ተማሪዎቼ «ኤነርጂ» ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ማለታቸው አይደለም። ቺን፣ ማለትም «ኤነርጂ» የሚሉትን፣ ከጅራት አጥንት አስነስቶ በጀርባ አጥንት ወደ አናት ማውጣት፣ በፊት በኩል ወደ እምብርት ማውረድ፣ ውስጥን በብርሃን መሙላት ነው የሚሉት። ይህ ኔይዳን ይባላል፤ የውስጥ አልኬሚ ማለት ነው። ያደገውና እዚህ የደረሰው ደግሞ በመነኮሳትና በካህናት እጅ ነው።

ብዙ ተማሪዎቼ ቤታቸው የሰቀሉት አንድ ሥዕል አለ። የሰው ሰውነት እንደ ተራራ ተስሏል። ጀርባ አጥንቱ ሥር ሁለት ልጆች የውሃ መዘውር በእግራቸው ያዞራሉ። ሆዱ ላይ በሬ ያርሳል። አናቱ ላይ ሽማግሌ ተቀምጧል። «የኤነርጂ ካርታ» ይሉታል። ይህ ሥዕል በ1886 ድንጋይ ላይ ተቀርጾ የቆመው ቤጂንግ ነጭ ደመና ገዳም ውስጥ ነው። ገዳሙን ሄጄ አይቼዋለሁ። ጠዋት መነኮሳቱ ፀጉራቸውን አናታቸው ላይ ጠቅልለው፣ ረጅም ቀሚስ ለብሰው ቆመዋል። አንዱ ከእንጨት የተፈለፈለውን ከበሮ ይመታል፤ ሌሎቹ በዜማ ያደርሳሉ። ዕጣኑ ልብሴ ላይ እስከ ማታ ቆየ። ያ ካርታ የእነዚህ ሰዎች ነው።

ሌላ ምሳሌ። ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ሪቻርድ ዊልሄልም በ1929 «የወርቃማው አበባ ምስጢር» የሚባለውን የቻይና ጽሑፍ ተርጉሞ አሳተመ። የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ዩንግ ማብራሪያ ጻፈበት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ምዕራባዊ አንባቢ ጽሑፉን እንደ ንጹህ ሳይኮሎጂ ያነበዋል። ግን ጽሑፉ የተገኘው በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሉ ዶንግቢን የሚባለውን ቅዱስ ከሚያመልኩ ሰዎች ዘንድ ነው። መሠዊያ ፊት ቆመው ይጠሩታል፤ ቃሉም በጸሐፊ እጅ ይወርዳል። ከዚህ በላይ ሃይማኖታዊ የሆነ የመጽሐፍ አወጣጥ ካለ ንገሩኝ።

ለሐበሻ ሰው ነገሩን በስግደት ነው የማስረዳው። አንድ ፈረንጅ ላሊበላ ሄዶ ስግደት አየ እንበል። አገሩ ተመልሶ በየጠዋቱ አርባ አርባ ጊዜ ይሰግዳል። ጭኑ ጠነከረ፣ ወገቡ ተፍታታ። ደስ ይለናል፤ ማንም አይከለክለውም። ግን «ስግደት ድሮ ስፖርት ነበር፤ ጸሎቱን ቄሶች ናቸው የጨመሩበት» ቢለን ምን ይሰማናል? ቻይናዊቷ መምህሬ ተማሪዎቿን ስትሰማ የሚሰማት ይኼው ነው። ፊቷ ላይ አይቼዋለሁ።

«ሃይማኖቱን የላጡት ምዕራባውያን ናቸው»

ይህን ደግሞ የሚሉት በጸጸት ነው። እሱም ልክ አይደለም። ትልቁን መላጥ የሠሩት ቻይናውያን ራሳቸው፣ ያውም ኮሚኒስቶች ናቸው።

ሊዩ ጉይዠን የሄቤይ ክፍለ ሀገር የፓርቲ ካድሬ ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ጨጓራው ክፉኛ ታመመና ወደ ትውልድ መንደሩ ተመለሰ። አንድ የመንደሩ ሰው የመተንፈስና የመቀመጥ ልምምድ አስተማረው። ከመቶ ቀን በላይ ሠርቶ ዳነ። አለቆቹ ሲሰሙ፣ ልምምዱን ለሕዝብ በሚሆን መልክ አዘጋጅልን አሉት። እሱና ጓዶቹ «አጉል እምነት» ያሉትን ሁሉ አወጡና በ1949 «ቺ ጎንግ» የሚለውን ስም መረጡለት። ቃሉ ቀድሞም አልፎ አልፎ ይገኝ ነበር፤ የሁሉም ልምምድ የጋራ ስም የሆነው ግን ያኔ ነው። በ1950ዎቹ በታንግሻንና በቤይዳይኸ የቺ ጎንግ ማገገሚያዎች ተከፈቱ። የባህል አብዮቱ ሲመጣ ያም ቀረ። በ1980ዎቹ ደግሞ ፓርኮቹን አጥለቀለቀ።

ስለዚህ «ከሃይማኖት ነጻ የሆነ ጥንታዊ ቺ ጎንግ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ፣ ከሃይማኖት ነጻ ያደረጉት ሰዎች ስምና ዓመት እንዳላቸው አስታውሱ።

«ቺ ማለት ኤነርጂ ነው»

ትርጉሙን በምዕራቡ ካስለመዱት አንዱ ፈረንሳዊው ዲፕሎማት ጆርጅ ሱሊዬ ደ ሞራን ነው። በ1930ዎቹ ስለ አኩፓንክቸር ሲጽፍ ቺን «ኤነርጂ» አለው። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቼ ስለ ቺ የሚያወሩት ስለ ስልክ ባትሪ እንደሚያወሩ ነው። ቻርጅ አደረግኩ፣ አለቀብኝ፣ ጓደኛዬ ጨረሰችብኝ።

የቻይንኛው ፊደል በድሮው አጻጻፍ ከእንፋሎት ምልክት ሥር የሩዝ ምልክት አለበት። ድስት ሲከፈት ፊት ላይ የሚመጣውን ትኩስ ነገር አስቡ። የአየር ሁኔታ በቻይንኛ ቲየንቺ ነው። መናደድ ሸንግቺ ነው። ሁለቱም ውስጥ ቺ አለ። ትንፋሽም ነው፣ አየርም ነው፣ ስሜትም ነው።

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ይቸገራሉ። ለእኛ ግን ቋንቋችን ራሱ ያስረዳናል። ትንፋሽ፣ ነፋስ፣ ነፍስ፣ መንፈስ። አራቱም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው። ቺን ለሐበሻ ተማሪ ሳስረዳ ሌላ ትርጉም አልፈልግም። እነዚህን አራት ቃላት አስቆጥረዋለሁ፤ ወዲያው ይገባዋል።

«ቺን በሐሳብ ወደ ላይ መግፋት ነው፤ ማንም ቤቱ ሊሠራው ይችላል»

እዚህ ላይ ታገሱኝ፤ ሰው የሚጎዳበት ቦታ ነው።

አንድ ተማሪዬ ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት አምስት ወር ከቪዲዮ ሲማር ቆይቷል። ማታ ማታ ሁለት ሰዓት እየተቀመጠ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ከጅራት አጥንቱ ወደ አናቱ ይገፋል። ሲመጣ መዳፉን አናቱ ላይ ጭኖ ነበር። «የሆነ ነገር እዚህ ቆሟል፤ አይወርድም» አለኝ። ጆሮው ይጮኻል። ለሦስት ሳምንት በቅጡ አልተኛም። መጀመሪያ ሐኪም ጋ ላክሁት። ከዚያ ልምምዱን በሙሉ አስቆምኩት። ከእኔ ጋር የሠራው መቆምና መራመድ ብቻ ነው፤ እግሩ መሬት ሲነካ እንዲሰማው። እንቅልፉ የተመለሰው በሁለተኛው ወር ነው።

ቻይናውያን ለዚህ ጉዳት የድሮ ስም አላቸው። ዞው ሁዎ ሩ ሞ ይሉታል፤ «እሳቱ መንገድ ሳተ፣ ጋኔን ገባ» ማለት ነው። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም በ1994 ባወጣው መመሪያ፣ ከባህል ጋር ከተያያዙ ሕመሞች መካከል ከቺ ጎንግ ጋር የሚመጣ የአእምሮ መታወክን አስፍሯል።

ገዳሙ ለዚህ ፍሬን ነበረው። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ዋንግ ቾንግያንግ የመሠረተው የቹዋንዠን ሥርዓት መነኩሴውን ከመጠጥ፣ ከዝሙት፣ ከገንዘብና ከቁጣ ተጠበቅ ይለዋል። ምግቡ የተለካ ነው። የሚያየው መምህር አለ። ተማሪዎቼ «ሃይማኖቱን ተዪው» ሲሉኝ ይህ ፍሬን አብሮ እንደሚወልቅ አያውቁም። ሃይማኖቱን ካልፈለጋችሁ፣ ቢያንስ በፍሬኑ ቦታ ሌላ ፍሬን አስገቡ።

እኔ የምለው ይህ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ከአንገት በላይ ምንም ነገር አትግፉ። በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል። ሐሳባችሁን ከእምብርት በታች አኑሩ፤ ወይም እግራችሁ ላይ። እንቅልፍ ከተዛባ በዚያው ቀን አቁሙ። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ሐኪማችሁ ሳያውቅ ረጅም ሜዲቴሽን አትጀምሩ። አስተማሪያችሁን «ተማሪ ሲታመምብህ ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። «የእኔ ተማሪ ታሞ አያውቅም» ካለ ጫማችሁን አድርጋችሁ ውጡ።

ቶሎ ቶሎ የምመልሳቸው

«ታይ ቺን የፈጠረው መነኩሴው ዣንግ ሳንፌንግ ነው።» ተረት ነው። በታሪክ የምናገኘው ሄናን ውስጥ ያለውን የቸን ቤተሰብ መንደር፣ 17ኛውን ክፍለ ዘመን ነው።

«የታኦ ዋናው ምስጢር ወሲብ ነው።» የቹዋንዠን መነኮሳት በድንግልና የሚኖሩ ናቸው።

«ታኦ ሕግ የለውም፤ እንደ ውሃ መፍሰስ ነው።» ገዳም ገብታችሁ አንድ ሳምንት ቆዩና እንነጋገር።

«ታይ ቺ ካንሰር ያድናል።» አያድንም። ሚዛን ለመጠበቅና ላለመውደቅ በደንብ ይረዳል። ለጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ደግሞ የአሜሪካ ሩማቶሎጂ ኮሌጅ (የመገጣጠሚያ ሕመም ሐኪሞች ማኅበር) በ2019 መመሪያው አጥብቆ ይመክረዋል። ይህ በቂ ነው፤ ሌላ አትጨምሩበት።

«ታይ ቺ መሥራት ባዕድ አምልኮ ነው»

ይህኛው ከእኛው ወገን የሚመጣ ነው። አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ ስልክ ደውላ «ልጄ፣ ጾምሽን እየጾምሽ የምን ቻይና አምልኮ ነው የሰማሁት?» አለችኝ። ደንግጣ ነበር። አልሳቅኩባትም፤ የምትጠይቀው ነገር ተገቢ ነው።

እውነቱን ነገርኳት። የማስተምረው ባለ 24 እንቅስቃሴው ታይ ቺ በ1956 የቻይና መንግሥት የስፖርት ኮሚሽን ለሕዝብ ጤና ያዘጋጀው ነው። ጸሎት የለበትም፣ የሚጠራ ስም የለበትም። ኔይዳን ግን ከሌላ እምነት የወጣ ነው፤ ያንን ለማንም «ስፖርት ነው» ብዬ አላስተምርም። መሠዊያና ዕጣን ያለበት ክፍል የገባ ሰውም፣ ምን እንደሆነ ጠይቆ ማወቅና ካልፈለገ መውጣት አለበት። ሳይነግሩ ማሠራት ማታለል ነው።

ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ለጉልበት ያልሽው እንዴት ነው?» አለች።

«የወጥ ቤቱን ወንበር ደገፍ ብለው ይያዙ፣ እቴቴ» አልኳት። «እግርዎን በትከሻዎ ልክ ይክፈቱ። ጉልበትዎን ትንሽ ብቻ እጥፍ ያድርጉ። አሁን ክብደትዎን ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ይውሰዱ፣ የግራው እግር ቀለል እስኪል። ሰውነትዎን አላደረቁም? አሁን ወደ ግራ።»

ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋው ነበር። ወንበሩ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል።

«ቀለለ» አለች።